የታዋቂ ሰው ክስ ቡና ላይ ሲነሳ፦ ወሬውን በልክ የማቆያ መመሪያ

ዘፋኝ ታሰረ፣ ተዋናይት ተከሰሰች፣ የቲክቶክ ዝነኛ ፍርድ ቤት ቀረበ የተባለ ቀን፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጉዳዩ ቀድሞ የሚታየው ረከቦት ዙሪያ ነው። አቦል ሲቀዳ ተጠርጣሪ የነበረው ሰው በረካ ሳይደርስ ተፈርዶበታል፤ አንዳንዴም ይግባኙ ሳይቀር ውድቅ ሆኗል።

ይህ መመሪያ ወሬውን ለመከልከል አልተጻፈም። መከልከልም አይቻልም፤ ዝም በሉ የተባሉ ቡና ጠጪዎች ጎረቤት ቤት ሄደው ይጨርሱታል። የሚቻለው ወሬው የሚነሳበትን ሰዓት፣ የሚቆይበትን ጊዜና የሚነገርበትን ቃል መወሰን ነው። ለዚህ ሥራ ቀላል ሆኖ የሚገኘው ቡድሃ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት ለመነኮሳቱ ያስተማረው የንግግር መመዘኛ ነው። ሃይማኖት ቀይሩ አይልም። ጁምዓ የሚሰግደውም ቅዳሴ የሚያስቀድሰውም ሊሠራበት ይችላል።

ጉዳቱ የሚያርፈው የት ነው?

አዲስ አበባ ያለው ዘፋኝ ደሴ፣ ሳላይሽ ወይም ሆጤ ሰፈር ውስጥ ምን እንደተባለበት አይሰማም። የሚሰማው አጠገባችሁ የተቀመጠው ነው። ልጇ የታሰረባት እናት፣ ወንድሙ ቀጠሮ የሚመላለስበት ሰው፣ ተደፍራ ለማንም ያልተናገረች ሴት እዚያው በርጩማ ላይ ስኒ ይዘው ሊሆን ይችላል። «ካላደረገማ ስሙ ለምን ይነሳል?» የሚለው ቃል የመጀመሪያዋን ይወጋል። «እሷስ በዚያ ሰዓት ምን ልትሠራ ሄደች?» የሚለው ደግሞ የመጨረሻዋን አፏን ዘግቶ ያስቀራታል። ስለዚህ ከመናገር በፊት የሚታሰበው ዝነኛው ሳይሆን ታዳሚው ነው።

የታላላቅ ሰዎች ወሬ አዲስ ነገር አይደለም። በፓሊ ቋንቋ ተጠብቀው ከቆዩት የቡድሃ ትምህርቶች በአንዱ፣ መነኮሳቱ ከምግብ በኋላ ተሰብስበው ከማጋዳው ንጉሥ ቢምቢሳራና ከኮሳላው ንጉሥ ፓሴናዲ የማን ሀብት፣ የማን ሠራዊት ይበልጣል እያሉ ሲከራከሩ ቡድሃ ይደርስባቸዋል። የመለሰላቸውም አጭር ነው፦ ስትሰበሰቡ ወይ ስለሚጠቅም ትምህርት ተነጋገሩ፣ ወይ በክብር ዝም በሉ። በሌላ ቦታ ከማይጠቅሙ ወሬዎች ሲዘረዝር የነገሥታትን፣ የወንበዴዎችን፣ የጀግኖችን፣ የመንገድ ዳርና የውሃ መቅጃ ወሬን ይጨምራል። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ላላት ደሴ ይህ የመጨረሻው እንግዳ አይሆንም።

ይህ ግን የመነኮሳት ሕግ ነው። ለቡና የሚሆነው፣ እሱም ለመነኮሳቱ የተነገረ ቢሆን፣ ቀለል ያለው መመዘኛ ነው።

አምስቱ መመዘኛዎች

ንግግር ከነቀፋ የሚድነው አምስት ነገር ሲያሟላ ነው ይላል ትምህርቱ፦ በጊዜው የተነገረ፣ እውነት የሆነ፣ በለዘበ ቃል የወጣ፣ የሚጠቅም፣ ከበጎ ልብ የመነጨ። አንዱ ቢጎድል አራቱ አይሸፍኑለትም።

ከአምስቱ ብዙ ሰው መሸሸጊያ የሚያደርገው እውነትን ነው። «እውነት እኮ ነው!» ሲባል ክርክሩ የተዘጋ ይመስላል። ልዑል አብሃያ በዚሁ ጉዳይ ሊያጠምደው በመጣ ጊዜ ቡድሃ ነገሩን ከፋፍሎ አሳይቶታል፦ ሐሰት የሆነውን፣ ሰሚውን ደስ ቢያሰኝም አይናገረውም፤ እውነት ሆኖ የማይጠቅመውንም አይናገረውም፤ እውነት ሆኖ የሚጠቅመውን ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ይናገረዋል። የአገራችን ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 መሠረት የሰውን ክብር ለመጉዳት ታስቦ ለሦስተኛ ሰው የተነገረ ነገር፣ እውነት መሆኑ ብቻውን ተናጋሪውን ሁልጊዜ ነጻ አያወጣውም።

አምስቱን በየዐረፍተ ነገሩ መቁጠር አይቻልም፤ ቡናውም ይበርዳል። ለሥራ የሚያመቸው ሁለት ጥያቄ ብቻ ይዞ መቀመጥ ነው። አንደኛው «ያየ አለ ወይስ ሁላችንም የሰማን ነን?» ሁለተኛው «ይህን ማወቃችን ለማን ይጠቅማል?» መጀመሪያው ወሬውን ግማሽ ያደርገዋል። ሁለተኛው የቀረውን ይጨርሰዋል፣ ካልጨረሰውም በእርግጥ የሚጠቅም ነገር አለው ማለት ነው። ለምሳሌ ተከሳሹ በሥራ ስም ገንዘብ ይሰበስብ ነበር ከተባለና ከመካከላችሁ ልጇን ለእንዲህ ያለ ሥራ ልትልክ የተሰናዳች እናት ካለች፣ መነጋገሩ ይጠቅማል።

መሐላ ሲገባ ይጠንቀቁ። «ወላሂ!» ወይም «ማርያምን!» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማስረጃው በሳሳበት ቦታ ነው። የማለው ሰው ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ የማለው ቪዲዮውን ማየቱን ይሆናል እንጂ ድርጊቱን አይደለም። ሁለቱን መለየት የሰሚው ሥራ ነው።

ቡድሃ ለካላማ ሰዎች የሰጠው ምክርም እዚህ ላይ ይገባል፦ ሲወራ ስለከረመ፣ ተናጋሪው አዋቂ ስለመሰለ፣ «መምህራችን ነው» ስለተባለ ብቻ አትቀበሉ። ዛሬ ቢሆን ብዙ ሰው ስላጋራው የሚለውን ይጨምርበት ነበር። ቁርአን በሱረቱል ሁጁራት አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ አጣሩ ይላል፣ በዚያው ሱራ ሐሜትን የሞተ ወንድም ሥጋ ከመብላት ጋር ያስተካክለዋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ደግሞ ኒቆዲሞስ ሰውየውን ሳይሰማ የሚፈርድ ሕግ አለን ወይ ብሎ ይጠይቃል። የቡድሃው የሚለየው ትእዛዙን ወደ መመዘኛ መቀየሩ ነው።

በየትኛው ዙር ይነሳ?

ሦስቱን ዙሮች ለዚህ መጠቀም ይቻላል። አቦል ላይ አይነሳ፤ ሰው ገና እየመጣ፣ ሰላምታ እየተለዋወጠ፣ ዳቦውና ቆሎው እየዞረ ስለሆነ ዘግይቶ የሚገባው ግማሹን ብቻ ሰምቶ ሌላውን ግማሽ ከራሱ ይሞላል። በረካ ላይም አይነሳ። ያኔ የተባለው ማንም ሳይመልስለት ጫማ ተደርጎ ይወጣል፣ ማምሻውን ሌላ ሰፈር ይደርሳል። የሚነሳው ቶና ላይ ነው፤ ሁሉም ተቀምጧል፣ የተሳሳተውን ለማረም አንድ ሙሉ ዙር ይቀራል። ሦስቱ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀ ለጉዳዩ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ውሃው እንደገና ተጨምሮ ጀበናው ለበረካ ሲጣድ ርዕሱ ይቀየራል። ይህን መወሰን የምትችለው ቡና የምታፈላው ናት፤ ስኒ መሰብሰቡም፣ እጣን መጨመሩም በእጇ ነውና ማንንም ሳታስከፋ ወሬ መቁረጥ ትችላለች።

ስድስት ሰባት ሰው ድረስ ይህ ይሠራል። ከአሥር ካለፈ ጨዋታው ለሁለት ይከፈላል፣ እዚህ የታረመው እዚያ ማዶ አይደርስም። ለቅሶ ቤት፣ የቅሬ (የእድር) ስብሰባ ላይ ወይም ልጆች ባሉበት ግን ጭራሽ ባይነሳ ይሻላል።

ስልክን በተመለከተ፦ ቪዲዮ ለታዳሚ ከማጫወት በፊት መቼ እንደተለቀቀ ይታይ። የሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ደጃፍ ምስል በአዲስ ክስ ላይ ተለጥፎ መዞሩ የተለመደ ነው።

ክሱ የት ደረሰ?

ቡና ላይ የሚፈጠረው ስሕተት አብዛኛው ክፋት አይደለም፤ ደረጃዎቹን ማደባለቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን የለየ ሰው ሐሜቱን ግማሽ መንገድ ላይ ያስቆመዋል።

«ተይዟል» ሲባል ፖሊስ ጠርጥሮታል ማለት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ለጉዞ ከሚያስፈልገው ጊዜ ውጭ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ስለዚህ ፍርድ ቤት መቅረቡ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የተያዘ ሁሉ የሚቀርብበት ነው።

«የጊዜ ቀጠሮ ተሰጠ» ማለት ምርመራው አላለቀም ማለት ነው። በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ሊደጋገም ግን ይችላል። ቡና ጠጪው «ሦስቴ ቀጠሩት፣ አለበት ማለት ነው» ይላል። ሦስቴ የተቀጠረው ፖሊስ ገና ያልጨረሰው ሥራ ስላለ ነው።

«ዋስትና ተከለከለ» የሚለውም ፍርድ አይደለም። የክሱ ክብደት፣ ይጠፋል ወይም ማስረጃ ያበላሻል የሚለው ስጋት ታይቶ የሚወሰን ነው። በተቃራኒው በዋስ የወጣ ሰው ነጻ ተባለ ማለት አይደለም፤ ደጋፊዎች ከበሮ የሚመቱት እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳትበት «ተከላከል ተባለ» ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ካሰማ በኋላ ፍርድ ቤቱ ማስረጃው መልስ የሚያስፈልገው መሆኑን ብቻ ይመዝናል። ካላስፈለገው ያሰናብተዋል፤ ካስፈለገው ተከላከል ይለዋል። የተከሳሹ ወገን ገና መናገሩ ነው። በዚህ ቀን «ተፈረደበት» ብሎ የሚናገር ሰው አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ፈርዷል።

«ጥፋተኛ» የሚለው ቃል የሚገባው ከዚህ በኋላ በሚሰጠው ፍርድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽን እንደ ጥፋተኛ አትቁጠሩ የሚለው እስከዚያ ድረስ ነው። ከዚያ ቅጣት፣ ከዚያ ይግባኝ፣ አንዳንዴም ሰበር ይቀጥላል። ቴዲ አፍሮ በ2001 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ክስ ስድስት ዓመት ተፈርዶበት፣ በይግባኝ ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ ማለቱን ብዙዎች ያስታውሳሉ። በመጀመሪያው ቀን የተጣሉ ወዳጆች የተጣሉት ባላለቀ ጉዳይ ላይ ነበር።

መውጫዎቹም እኩል አይደሉም። ክሱ የተቋረጠለት ሰው በነጻ ከተሰናበተው ይለያል። በይቅርታ የተፈታ ሰው ቅጣቱ ቀረለት እንጂ ጥፋተኝነቱ አልተሰረዘም፤ ምሕረት ግን ፍርዱን እንዳልነበረ ያስቆጥራል። የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ክስም የተለያየ የማስረጃ ክብደት ይጠይቃሉ። አሜሪካዊው ኦ. ጄ. ሲምፕሰን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ከግድያ ክስ ነጻ ከተባለ በኋላ፣ በ1997 በፍትሐ ብሔር ችሎት ለሟቾቹ ሞት ተጠያቂ ተብሎ 33.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወስኖበታል። ሁለቱም ውሳኔዎች በየሕጋቸው የቆሙ ናቸው።

የሰባት ቀን ጾም

ሱንዳሪ የምትባል ሴት ነበረች። የቡድሃ ክብር ያናደዳቸው ሌሎች መናንያን ቡድሃ ወደሚኖርበት ጄታቫና ገዳም ደጋግማ እንድትመላለስ አደረጓት፤ ሰው ሁሉ መመላለሷን ካየ በኋላ አስገድለው እዚያው ገዳሙ ዘንድ ቀበሯት፤ ጠፋች ብለው ለንጉሡ ነገሩ፤ ተፈልጋ ስትገኝም ሬሳዋን ይዘው የሳቫቲ ከተማን ጎዳና እየዞሩ የእነዚህን መነኮሳት ሥራ እዩ አሉ። ሕዝቡ መነኮሳቱን በየደጁ ሰደባቸው። ቡድሃ ያላቸው ይህ ጫጫታ ሰባት ቀን ብቻ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል ነው። እንዳለውም ሆነ።

የዛሬ ክስ በሰባት ቀን አያልቅም፤ ዓመትም ይፈጃል። ሰባት ቀኑ የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ግለት ነው። ወሬው ከተሰማበት ቀን ጀምሮ ሰባት ቀን «አድርጓል» ወይም «አላደረገም» የሚል ቃል ከአፍ እንዳይወጣ መስማማት ይቻላል። «ተብሏል» ማለት ይፈቀዳል፣ ምንጩን ጠርቶ። በሳምንቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የስም መመሳሰል ይታወቃል፣ ሐሰተኛው ቪዲዮ ይጋለጣል፣ ወይም የክሱ ትክክለኛ ርዕስ ይወጣል።

አድናቂና ጠላት

አድናቂው «ይህን የመሰለ ድምፅ ያለው ሰው አያደርገውም» ይላል። ጠላቱ «ድሮም ፊቱ ያስታውቃል» ይላል። ለሁለቱም የሚበጀው የአንጉሊማላ ታሪክ ነው። ሰው እየገደለ የሰለባዎቹን ጣት እንደ ማተብ ያንጠለጥል የነበረ ወንበዴ ነው፤ ቡድሃን አግኝቶ መነኮሰ። ንጉሥ ፓሴናዲ ሊይዘው ወጥቶ መነኩሴ ሆኖ ሲያገኘው ተወው። ሕዝቡ ግን ለልመና ሲወጣ በድንጋይና በገል ወገረው፣ ራሱ ደማ፣ ሳህኑ ተሰበረ። ቡድሃ ያለው ቻለው ነው፤ የሥራህን ፍሬ እዚሁ እየተቀበልክ ነው። ሰውየው መለወጡ እውነት ነበር፤ ያደረገው ነገር ውጤት መከተሉም እውነት ነበር። ጥሩ ዘፈን ክስን አያጠፋም፣ ክስም ዘፈኑን አያበላሸውም፤ የተበደለው ወገን ግን በሁለቱም መካከል መረሳት የለበትም።

ምን ብሎ ማስቆም?

ለእኩያ፦ «አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?» በፈገግታ ከተባለ ይበቃል። ለታላቅ ሴት እንዲህ አይባልም፤ «እትዬ፣ ፍርዱ መቼ ተሰጠ? እኔ ገና ቀጠሮ ላይ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር» ቢባል እሳቸውም አልተነኩም፣ ወሬውም ረግቧል። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ወሎ የታደለው መንገድ አለ፤ «ሐጂ፣ እስቲ ለተበደለውም ለተከሰሰውም ዱዓ ያድርጉልንና ሌላ እናንሳ።» ሽማግሌው ክርስቲያን ከሆኑ «አባባ፣ ይመርቁን» ይባላል። ከምርቃት በኋላ ወደ ሐሜት መመለስ ያሳፍራል፤ አሚን ያለውም አሜን ያለውም ርዕሱን ዘግቷል።

የሚያርመውም ሰው አምስቱን መመዘኛ ያሟላ። በሰው ፊት የታረመ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ስሕተቱን መከላከል ነው። ጠንከር ያለ ነገር ካለ በር ላይ፣ ሲሸኙ፣ ለብቻ ይባል።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ለስላሳነት አያዋጣም። አንዱ የተከሳሹ ስም ወደ ሃይማኖቱ ወይም ወደ ብሔሩ ሲመራ ነው። «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» የሚለው ቃል እንደወጣ ወዲያው ይቆረጥ፤ ቤቱ ውስጥ «እነሱ» የተባሉት ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ነው። ሁለተኛው ከታዳሚዎቹ አንዷ ዝም ስትል፣ ፊቷ ሲለወጥ፣ ወይም «እኔም ደርሶብኛል» ስትል ነው። ይህ ሐሜት አይደለም፤ አምስቱ መመዘኛም እሷን ዝም ለማሰኘት አይነሳ። ለብቻዋ ወስዶ መስማት፣ ማመን፣ ምን እንደምትፈልግ መጠየቅ። ጥቃቱ የቅርብ ከሆነ ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር ወደ ሆስፒታል መሄዷ ለሕክምና ማስረጃው ይጠቅማል፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው ከ72 ሰዓት በፊት ከተጀመረ ነው፣ ቶሎ በተጀመረ መጠንም ይሻላል። የከበደ ወንጀል በሽማግሌ አይዘጋም፤ ሽምግልና የቤተሰብ ቂም ለማብረድ ይጠቅም ይሆናል እንጂ የፖሊስን ቦታ አይተካም።

ቴሌግራም ላይ ከወጣ በኋላ

ቡና ላይ የተባለው በጽሑፍ ከወጣ ነገሩ ይከብዳል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል።

የተሳሳተ ነገር የለጠፈ ሰው በቅደም ተከተል እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ የተለጠፈውን በስክሪን ሾት ለራሱ ያስቀምጥ፤ በኋላ ምን እንዳለ ሲጠየቅ ያስፈልገዋል። ከዚያ ያጥፋው። ቀጥሎ ማረሚያውን በዚያው ግሩፕ፣ ስሕተቱ በተነበበበት ሰዓት አካባቢ ያውጣ፤ ማታ የተለጠፈ ስሕተት ጠዋት ቢታረም ያነበቡት ሌሎች ናቸው። ያስተላለፉለትን ሰዎች ለየብቻ ይጻፍላቸው። ስሙ የጠፋው የአካባቢ ሰው ከሆነ፣ የሠርግ ዘፋኝ ወይም የከተማው ክለብ ተጫዋች ቢሆን፣ ሽማግሌ ይዞ ቤቱ ይሂድ፤ የስም ማጥፋት ክስ በተበዳዩ አቤቱታ ላይ የሚቆም ስለሆነ እዚህ እርቅ ቦታ አለው። በቡድሃ መነኮሳት ዘንድም ክርክር የሚፈታው ባለጉዳዮቹ ፊት ለፊት ባሉበት ነው፤ በሌለበት ሰው ላይ አይወሰንም። ማረሚያው ሲጻፍ ስሕተቱን ዘርዝሮ መድገም አያስፈልግም፤ «ትናንት ስለ እገሌ የጻፍኩት ትክክል አልነበረም፣ ክሱ ገና በመታየት ላይ ነው» ይበቃል። «ቅር ያለው ካለ ይቅርታ» የሚለው ግን አይጻፍ፤ ቅር ያለው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ በስሙ ይጠራ።